የጋሽ ዘለቀ ወፍራም ሽቦ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ናትናኤል በመጀመሪያ ደሞዙ ስጦታ ገዝቶልኝ መጣ። ጥቁር ካርቶን ነው፣ ጽሑፉ ወርቃማ፣ ዙሪያውን በስስ ላስቲክ ታሽጓል። ሹራብ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ የአዳማ ንፋስ በጥር ጠዋት ጠዋት አጥንት ድረስ ይገባል። ሳነሣው ግን ከበደኝ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የስፒከር ገመድ ነው አባባ። ኦክስጅን የሌለበት መዳብ።"

"መዳብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መተንፈስ የጀመረው?"

ሳቀ። ዋጋውን አልናገርም ብሎ ሲሽኮረመም ቆይቶ በስንት ጉትጎታ ነገረኝ። ኧረ በስመ አብ! በዚያ ገንዘብ የፋሲካ በግ ተገዝቶ ለዶሮ ይተርፋል። እሱም ድንጋጤዬን አይቶ ሰጋ መሰለኝ፣ "ገንዘቤን ተበላሁ እንዴ? አንተ ባለሙያው ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ያን ያህል ያወጣል?" አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚህን ጥያቄ መልስ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አውቀዋለሁ። ለሁለት ሜትር መንገድ ሽቦ ሽቦ ነው፤ መዳብ ይሁን፣ ትንሽ ወፈር ይበል፣ ጫፉ በደንብ ይታሰር፣ አለቀ። ይህንኑ ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ልጁ ገመዱን የገዛው እኮ በእኔ እሪታ ነው። ሳሎን ውስጥ በገዛ እጄ የሠራኋቸው ሁለት ስፒከሮች አሉ። ከመስከረም ወዲህ ድምፃቸው ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ጠረጠርኩ፤ ፈታሁት፣ ጠረግሁት፣ ገጠምኩት፣ ያው ነው። ቀጥዬ የመብራቱን መዋዠቅ ከሰስኩ። ከዚያ አቧራውን። መጨረሻ ላይ፣ ጉዴን ተመልከቱ፣ እኔው ራሴ "ይሄ ሽቦ አርጅቷል፣ ድምፅ ይውጣል" ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ናትናኤል ይህን ሰምቶ ደሞዝ ሲወጣ ሄዶ ገዛ።

"አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እኔ ነኝ የምቀይረው" ብሎኝ ካርቶኑን ይዞ ከመደርደሪያው ጀርባ ገባ። የጎነበሰ ማጅራቱ ብቻ ይታየኛል። እኔ ከፊት ለፊት ሶፋው ላይ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ልክ እንዲህ ከፊት ተቀምጦ፣ ልክ እንዲህ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ። ያኔ ከመደርደሪያው ጀርባ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ አዳማንም ያኔ ሁላችን ናዝሬት ነበር የምንላት። ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ሙዚቃ ቤት ነበረቻቸው። ቤቷ የቀበሌ ናት፣ በሯ ሰማያዊ፣ ደጃፏ ላይ ጋሪዎች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። ከውጭ የፈረስ ላብና የወንጂ ሸንኮራ ልጣጭ ይሸታል፣ ከውስጥ የጋለ ቴፕ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ አቧራው በበሩ ሥር ገብቶ ሸክላዎቹን ያለብሳቸዋል። ጋሽ ዘለቀ በነጠላ ቁራጭ እየጠረጉ ሲራገሙ ይውላሉ። "ይሄ አቧራ ከናዝሬት ሰው ሁሉ መርጦ እኔን ነው የሚፈልገው" ይሉ ነበር።

ሥራቸው ካሴት መቅዳት ነው። ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ዘፈን ያዛል፣ እሳቸው ከሸክላ ወይም ከሌላ ካሴት ይገለብጡለታል። ይህን የሚሠራ በከተማው ሌላም ነበር። ሰው ግን ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከአሰላ ሳይቀር ወደ እሳቸው የሚመጣው በአንድ ሕጋቸው ምክንያት ነው፤ ሳይደመጥ ካሴት ከቤቱ አይወጣም። ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኞች አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ፣ የእያንዳንዱ ቅጂ በትልልቆቹ ስፒከሮች ይከፈታል፣ ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ደስ ሲላቸው ሌባ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ያነሣሉ። ጣታቸው ካልተነሣ እንደገና ይቀዳል፤ ባለቤቱን የአሰላ አውቶቡስ ቢያመልጠውም ያምልጠው። አንዲት ሙሽራ ለሠርጓ ያዘዘችውን ሦስት ጊዜ ቀድተውባት፣ እያለቀሰች ነው የወሰደችው። ግን ወሰደች። ገበያ ውስጥ ሳይቀር ነጋዴ ጨርቁን ሲያሞግስ "ይሄ ጣት የተነሣለት ነው!" ይል ነበር።

እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ያልመጣልኝ፣ በፊዚክስ ብቻ ኤ ያገኘሁና በዚያች ኤ ሰው አጠገቤ የማላስቆም ጉረኛ ነበርኩ። የቀጠሩኝ የተበላሸ ቴፕ እንድጠግንላቸው ነው። እጄ ጥሩ ነበር። ሰውየውም ክፉ አልነበሩም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። አንዳንድ እሁድ ቆቃ ድረስ ይዘውኝ ሄደው ዓሣ ጋብዘውኛል። ከግድቡ የወጣ ትኩስ ዓሣ፣ በዘይት ጥብስ ብሎ፣ በዳጣ፣ ከንፈር እስኪያቃጥል። እሾሁን እየለቀሙ ሥጋውን ወደ እኔ ያስጠጉልኛል። "ብላ እንጂ አንተ! ቀጭን ነህ፣ ንፋስ ይወስድሃል" ይሉኛል።

አንድ ነገር ብቻ ከለከሉኝ፤ መቅዳት። አንድ ቅዳሜ አግዳሚው ሞልቶ፣ ከሃይስኩል የመጡ ሦስት ልጃገረዶች በር ላይ ቆመው ሳለ፣ ለመታየት ብዬ "ጋሼ፣ የዛሬውን እኔ ልቅዳው?" አልኳቸው።

"ጌታሁን" አሉ ለቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ "አንተን እግዜር እጅ ሰጥቶሃል። ጆሮ ግን አልሰጠህም፤ እኔ ምን ላድርግህ?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከልጃገረዶቹ አንደኛዋ አፏን በደብተሯ ሸፍና ነው የሳቀችው። ስሟን አልረሳሁትም፣ አልጽፈውም እንጂ። ጋሽ ዘለቀ በነጋታው ነገሩን ረስተውት ነበር። እኔ አልረሳሁም። ቂመኛ ነኝ፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ብትኖር ትመሰክር ነበር።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ዘለቀ ስለ ድምፁ ማማረር ጀመሩ። "ስፒከሩ ታፈነ። ጽናጽሉ የት ሄደ? የማሲንቆው ጫፍ የት ገባ?" ይሉኛል። ፈታሁ፣ ለካሁ፣ ምንም የለበትም። ለእኔ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። "ምንም አልሆነም ጋሼ" ስላቸው "አልኩህ እኮ፣ ጆሮ የለህም" ይሉኛል። ደግሞ ጆሮ! መጨረሻ ላይ ጥፋተኛውን አገኙት። ስፒከሮቹን ያሰርነው ሰው ሁሉ ለአምፖል በሚጠቀምበት ጥምዝ ገመድ ነበር። የናዝሬት አቧራ በጫፉ እየገባ ሽቦውን ከውስጥ ደፍኖታል አሉ፣ የውሃ ቧንቧ እንደሚደፈን ማለት ነው። ሽቦ ባዶ እንዳልሆነ፣ አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ እንደሌለው ላስረዳቸው ሞከርኩ። "ያንተ ፊዚክስ ናዝሬት ኖሮ ያውቃል?" ብለው አፌን አስያዙኝ።

የአጎቴ ልጅ ከጅቡቲ ያመጣልኝ ዲጂታል ሰዓት ነበረኝ፣ ጢጥ ጢጥ የሚል። ያኔ እንዲህ ያለ ሰዓት ብርቅ ነው፤ ሲጮህ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ ያያል። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ከጋሽ ዘለቀ እጅ አንድ ስንዝር ርቆ ሳለ ጮኸ። ቀና አላሉም። በማግስቱ ሆን ብዬ አስጮህኩት። በቀኛቸው በኩል፣ ከዚያ በግራቸው። ምንም! ነጠላ ቁራጫቸውን ይዘው ሸክላ ይጠርጋሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ስፒከሩም አልታፈነም፣ ሽቦውም አልተደፈነም። ቀጭን ድምፅ የማይሰሙት እሳቸው ናቸው።

አዝኜላቸው ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፈውም ነበር። አላዘንኩም። ደስ አለኝ። ጆሮ የለህም ያለኝ ሰው ራሱ ጆሮ የለውም! እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ እያገላበጥኩ ሁለት ሳምንት ያህል ለማንም ሳልናገር ዞርኩ።

እሳቸው በበኩላቸው አዲስ ሽቦ አስመጡ። በባቡር ከጅቡቲ የሚመላለስ ነጋዴ ነው ያመጣላቸው። አውራ ጣት ያህላል፣ ሽፋኑ መስታወት የመሰለ ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ቀይ ሆኖ ያበራል። እንዲህ ያለ ሽቦ በናዝሬት ታይቶ አይታወቅም። ለመግዛት ቢስክሌታቸውን ሸጡ። አልበቃ ሲል የባለቤታቸውን የእትዬ አስካለን የወርቅ ጉትቻ ጨመሩበት። እትዬ አስካለ ምሳ ይዘው ሲመጡ ሻሻቸውን እስከ አንገታቸው ድረስ አስረው፣ ባዶ ጆሯቸውን ሸፍነው አየኋቸው።

"ምን ላድርግ ጌታሁን፣ እንቅልፍ እኮ አጣ" አሉኝ። "ሽቦው ከተቀየረ ድምፁ ይመለሳል ይለኛል። ይመለስለት እንጂ ጉትቻው ምን ያደርግልኛል?"

ሽቦው ምንም እንደማይመልስ አውቃለሁ። ነጋዴው ገና ሳይሄድ፣ ጉትቻው ገና ከቤት ሳይወጣ አውቅ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም።

የገጠምኩትም እኔው ነኝ። ሸክላ አስቀመጥን። ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፣ ከዚያ ጣታቸው ተነሣ። "አሁን ገና! ተከፈተ!" አሉ። ለእኔ ቅንጣት ያህል ለውጥ አልነበረውም። እንባቸው መጥቶ ነበር፣ አቧራ ነው ብለው ጠረጉት።

ወሬው ከተማውን አዳረሰው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አግዳሚው አልበቃ ብሎ ሰው ቆመ። ጓድ ምትኩ ሳይቀር መጣ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ካኪ ልብሱን ለብሶ ሲገባ ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀለት። የቀበሌው የኪነት ቡድን ዘፈኖች በካሴት ሊቀዱ ስለነበር ቀጂውን የሚመርጠው እሱ ነው። ያንን ሥራ ያገኘ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንጀራው ተገኘ፣ የቀበሌ ቤቱንም ማንም አይነካበትም።

"ይሄ ሽቦ እውነት ገንዘቡን ያወጣል?" አለ ጓድ ምትኩ፣ ሽቦውን በጫማው ጫፍ እየነካ። "ያወጣል ከተባለ ለአዳራሹም እንገዛለን። የኪነቱንም ካሴት እርስዎ ይቀዱታል።"

"ያወጣል ጓድ ሊቀመንበር" አሉ ጋሽ ዘለቀ ወለሉን እያዩ። ከዚህ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ሁልጊዜ ወለሉን ነው የሚያዩት። በዚያ ዘመን ማን የቀበሌ ሊቀመንበር ዓይን ያያል ብዬ አልገረመኝም።

ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። "ለምን አንፈትነውም?" አልኩ። "ጋሼ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ አንዴ አሮጌውን፣ አንዴ አዲሱን አስራለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሳቸው ይነግሩናል።"

አግዳሚው አጨበጨበ። ጋሽ ዘለቀ ሳቁ፣ ወንበራቸውን ወደ መሐል ሳቡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "እሺ የኔ ልጅ" አሉኝ። የኔ ልጅ ሲሉኝ ያ ቀን የመጀመሪያው ነው።

መጀመሪያ አሮጌውን ገመድ አሰርኩ። አንድ ዘፈን ተከፈተ። ጋሽ ዘለቀ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ አሮጌው ነው፣ ታፍኗል" አሉ። በዕድል አገኙት። ሰው አጉረመረመ፣ ጓድ ምትኩም አገጩን እያሸ "ሰውየው ያውቃል" አለ። እዚህ ላይ ብተወው ሁሉም በደስታ ቤቱ ይገባ ነበር። ወፍራሙን ሽቦ አስሬ ያንኑ ዘፈን ብከፍት ጣታቸውን ያነሡ ነበር፣ የኪነቱንም ሥራ ይወስዱ ነበር።

በየሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሁለት ስፒከር አለ፤ ትልቁ ወፍራሙን ድምፅ ያወጣል፣ ትንሹ ቀጭኑን። አሮጌውን ገመድ እንዳለ ተውኩትና የትንንሾቹን ሽቦ ነቀልኩ። ዘፈኑ እንደገና ሲከፈት ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ጽናጽሉ የለም፣ ማሲንቆው የለም፣ ዘፋኟ የምትለው ቃል እንኳ አይለይም። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ተያዩ። በመደርደሪያው ስንጥቅ አያቸዋለሁ፤ ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸው በርቶ፣ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው አነሡ።

"አሁን ገና! ተከፈተ!"

ከዚያ ጓድ ምትኩ ሳቀ። ጭኑን እየመታ፣ እንባው እስኪወርድ። ሊቀመንበር እየሳቀ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ጣታቸው ገና እንደተነሣ ነው። ምን እንዳሳቀን ስላልገባቸው ፈገግ አሉ።

የነቀልኩትን ሽቦ አንጠልጥዬ ወጣሁ። "ጋሼ፣ ይሄ አዲሱ አይደለም። ያው አሮጌው ነው፣ ቀጭኑንም ድምፅ ነቅዬዋለሁ። ይሄው!" አልኩ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

እዚህም ላይ መተው ይቻል ነበር። ልጃገረዶቹ በር ላይ ነበሩ፣ ደብተር ያላት ጭምር። ሰዓቴን ከእጄ ፈታሁና ጆሯቸው ሥር ያዝኩት። "እሺ፣ ይሄስ ይሰማዎታል?" አልኩ። ቁልፉን አልነካሁትም። ሰዓቱ ዝም ብሏል።

ጋሽ ዘለቀ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አዩ። ድምፅ ይኑር አይኑር ከፊታችን ሊያነቡ ነው። የአሰላውን ሰው አዩ፣ ጓድ ምትኩን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ በቀስታ "እንዴ፣ ለምን አይሰማኝም? ይሰማኛል እንጂ" አሉ።

ያ ሳቅ! እግዜር አያሰማችሁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ከሁሉ በላይ።

ያልሳቁት ኦቦ ገመቹ ብቻ ናቸው፣ ደጃፉ ላይ ጋሪ የሚነዱት ሽማግሌ። ያዘዙት ካሴት ነበራቸው። ተነሥተው የጋሽ ዘለቀን ክንድ ያዙ፣ ከሰዉ መሐል አውጥተው ጥግ ላይ አስቀመጧቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ እኔ ፈረሴ ሲያረጅብኝ እንኳ ሰው ፊት አልገርፈውም። ዋቃ ያይሃል" አሉኝ። ካሴታቸውን ሳያዳምጡ ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አግዳሚው ባዶ ሆነ። የማይሰማ ሰው የቀዳውን ካሴት ማን ይገዛል? የሰፈር ልጆች ጋሽ ዘለቀን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ጣታቸውን ያነሡባቸዋል። ይባስ ብለው ሌላ ጨዋታ ፈጠሩ፤ ፊታቸው ቆመው ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። እሳቸው ጎንበስ ብለው "ምን አልክ የኔ ልጅ?" ይላሉ፣ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ይህን ስንት ጊዜ ከደጃፍ ቆሜ አየሁ። አንድም ቀን "ሂድ ከዚህ!" አላልኩም።

ክረምቱ ሳይገባ ቀበሌው ቤቷ ለሚሠራባት ሰው ትሰጥ ብሎ ወሰነ። ጓድ ምትኩ ቢሮው አስጠርቶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አደረገልኝ። "ያን ቀን እንዴት እንዳሳቅኸኝ!" አለኝ። ቁልፉን ወሰድኩት። የኪነቱንም ካሴት የቀዳሁት እኔ ነኝ።

እትዬ አስካለ ዕቃቸውን ሊያወጡ ሲመጡ ወፍራሙን ሽቦ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ኖሮ ምናልባት እዚያው ይበቃኝ ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ከባድ ዝናብ ጥሎ ሲያበቃ፣ አንድ ነገር ከነከነኝና ቡርቱካን ገዝቼ ወደ ቤታቸው ሄድኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ያየሁት የመጀመሪያ ነገር ያ ሽቦ ነው። ከፓፓያው ግንድ እስከ አጥሩ ተወጥሮ ልብስ ተሰጥቶበታል። የጋሽ ዘለቀ ሸሚዝ፣ ሁለት አንሶላ፣ ያ ነጠላ ቁራጭ።

እትዬ አስካለ ዓይኔን ተከትለው አዩ። "ጥሩ ገመድ ነው" አሉ። "አይዝግም፣ ልብስ አያበላሽም። ለዚህስ ገንዘቡን ያወጣል።"

ከዚያ ወደ አጥሩ ተጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያንን ጆሮ ማን እንዳጠፋው ታውቃለህ? በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌ ታስሮ ነበር። በጥፊ እየደጋገመ የመታው ያን ቀን ሲስቅበት የነበረው ምትኩ ነው፣ ያኔ የአብዮት ጥበቃ ነበር። ግራው እዚያው ጠፋ። ቀኙ ቀስ በቀስ ተከተለው። 'ጆሮዬን ያጠፋኸው አንተ ነህ' ብሎ እንዳይናገር ሰውየው ሊቀመንበር ነው። ልጅ ነህ፣ አልፈርድብህም። ግን እወቀው ብዬ ነው።"

ጋሽ ዘለቀ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽ ሬዲዮ ቀኝ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ወደ ፓፓያው ዞረዋል። ለእኔ የሚታየኝ ግራቸው ነው። "ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?" አልኩ። አልዞሩም። ደገምኩ። አልዞሩም። ሦስት እርምጃ ነው፣ ዞሬ በቀኛቸው በኩል መቆም ብቻ ነው። እትዬ አስካለም ያን እየጠበቁ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። ቡርቱካኑን አጥሩ ላይ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ማታ እናቴ ስትጠይቀኝ "ሰላም ብያቸው ዘጉኝ" አልኳት። እንዲህ ብዬ ዋሸሁ!

በዓመቱ ወደ ሻሸመኔ ሄዱ፣ የእትዬ አስካለ ወንድም ዘንድ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ማረፋቸውንም የነገሩኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ እሱንም ከጋሪያቸው ሳይወርዱ፣ ፊቴን ሳያዩ።

እኔ በዚያች ባለ ሰማያዊ በር ቤት ደርግ እስኪወድቅ ካሴት ቀዳሁ። ስፒከሮቹን ያሰርኩት በዚያው ጥምዝ የአምፖል ገመድ ነው፤ አንድም ሰው ታፈነ ብሎ አላማረረም። ስለ ሽቦው ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ትክክል ነኝ። ይህ ትክክለኛነቴ አንድም ቀን ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ሳስብ ከመደርደሪያው ጀርባ ሙዚቃው ተከፈተ። ቀና አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን ልበላችሁ፣ ጠራ! ከመስከረም ወዲህ ያልሰማሁት ጽናጽል የተሰማኝ መሰለኝ። ልጄ በመጀመሪያ ደሞዙ ነው የገዛልኝ፣ ደስታ እንባዬን አመጣው።

"አሁን ገና!" አልኩ። "ተከፈተ!"

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ ያወቅሁት። ዓይኔን ገለጥኩ። ናትናኤል ከመደርደሪያው ጀርባ ቀና ብሎ እያየኝ ነው። ካርቶኑ እጁ ላይ ነው፣ ላስቲኩ አልተቀደደም። ለካ ሙዚቃውን የከፈተው ከመቀየሩ በፊት አምፕሊፋየሩን ሊሞክር ነው።

ሳቁን ጠበቅሁ። ይገባኛል፣ ይምጣ አልኩ በልቤ። ልጁ ግን አልሳቀም። ካርቶኑን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላው ሸሸገና "እንኳን ገዛሁት አባባ" አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንድሰማው ብሎ።

ከዚያ እንደገና ጎነበሰ። በመደርደሪያው ስንጥቅ ይታየኛል፤ እንዳልሰማበት ተጠንቅቆ ላስቲኩን ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይቀድዳል። መጠንቀቁ ለምን ነበር? በአንድ ጊዜ ቦጭቆ ቢቀድደውም አይሰማኝም ነበር።